ያለ ዜማ የማልጠራት ጓደኛዬ

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኜ አሁንም የራሷ አመል አላት፤ እስክሪብቶ ስሰጣት ትቀበላለች እንጂ አትሠራበትም። ዕድሜዬን በሙሉ አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ዛሬ «ጠረጴዛ» የሚለውን ቃል ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሬ ቢያነክስ አንባቢዬ ይታገሠኝ፤ እኔም አነክሳለሁ። የምጽፈው ልባቸው ውስጥ ብረት ለተገጠመላቸው፣ ደም የሚያቀጥን ኪኒን በየዕለቱ ለሚውጡ ሰዎች ነው። ከእነሱም ይልቅ ለሚያስታምሟቸው ነው፤ እኔን ለሞት ያደረሰኝ የሚጠላኝ ሰው አልነበረምና።

ስሜ ተሬዛ ነው። አባቴ ከዓዲግራት ወገን የሆነ ካቶሊክ፣ እናቴ የወሎ ሴት ነበረች፤ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። አባቴ ከፋብሪካ ሲገባ እጁን ታጥቦ፣ እራት ሳይቀርብ በግዕዝ ያዜማል። ካቶሊክ ሲባል ብዙ ሰው ላቲንና ኦርጋን ይመስለዋል፤ የእኛ ግን ግዕዝ፣ ከበሮና ጸናጽል ነው። ትርጉሙን ሳላውቅ ዜማውን ከአባቴ አፍ ለቀምኩት። ኋላ መምህርት ሆኜ መቐለ መጣሁ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ክፍል የሚሠራውን ገብረመድህንን አገባሁ፣ ሓወልቲ አካባቢ ብዙ አባወራ ያለበት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ልምምድ አለኝ፤ ከሳምንቱ ሁሉ የምጠብቃት እሷን ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ ደረጃ ላይ ነው። የማስተምርበት ክፍል ፎቅ ላይ ነበር፤ ድሮ እያንጎራጎርኩ የምወጣው ደረጃ መሀል ላይ ቆሜ መደገፊያውን መያዝ ጀመርኩ። ተማሪዎቼ ለጨዋታ የቆምኩ እየመሰላቸው ይከቡኛል። ከዚያ ሳል መጣ፣ ጋደም ስል የሚብስ። ከዚያ እግሬ አበጠ፣ ጫማዬ እምቢ አለኝ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለ። እኛ አገር ታይፎይድ ነው ያልተባለ በሽተኛ ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛው አስም አለና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠኝ። ሦስተኛው ጋ አንድ ትሑት ወጣት ሐኪም ጥቂት አዳመጠኝና «ቲቸር፣ የነርቭ ነገር ነው፤ ብዙ አይጨነቁ» ብሎ ሸኘኝ። እንዳልጨነቅ ስለተነገረኝ ይብሱን ተጨነቅሁ።

የክሊኒክ ወረፋን የቀመሰው ያውቀዋል። ለአራት ሰው በተሠራ አግዳሚ ላይ ስድስት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዱ ሲጠራ ሁላችንም እንናጋለን። አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ስተነፍስ አድሬ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ የማላውቃት ሴት ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ተራዋ አልፏት ነበር፤ እኔን ላለመቀስቀስ ስትጠራ ዝም ብላለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚህ ሁሉ አብራኝ የምትዞረው አልጋነሽ ናት። አልጋነሽ በራችን ፊት ለፊት የምትኖር ጎረቤቴ ናት፤ ገበያ ላይ አትክልት ትሸጣለች፣ ባሏ ሞቶባታል፣ ብቻዋን ናት። ኦርቶዶክስ ነች፣ ጾም የማትሽር፣ ማኅበር የማትቀር። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያዋን ሸክፋ በእኛ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ትቀመጥና ልምምዳችን እስኪያልቅ ትሰማለች። ከዚያ አብረን ወደ ቤት ስንሄድ፣ በትግርኛ «ሓፍተይ»፣ እህቴ፣ እያለች አስተያየት ትሰጣለች።

«ያቺ ጫፍ ላይ ያለችው ሴትዮ እኮ ትጮኻለች፣ አትዘምርም። ላንቺ ግን እግዚአብሔር ጉሮሮ ሰጥቶሻል ሓፍተይ። ዜማችሁ ደግ ነው፤ ጾማችሁ ግን ልል ነው፣ እናንተ ካቶሊኮች!»

«እኛም እንጾማለን» እላታለሁ።

«እንጾማለን ብሎ ነገር! ዓሣውስ?»

እንዲህ እየተነቋቆርን ነው የምንዋደደው። ሳሌ ሲበረታ በጄሪካን ጠበል ተሸክማ መጣች። ለቆሞሳችን ለአባ ብነግራቸው ሣቅ አሉና «ጠጪው፤ ጠጥተሽ ግን ትልቅ ሆስፒታል ሂጂ» አሉኝ።

ትልቅ ሆስፒታል ሄድኩ። አንድ ጠና ያለ ዶክተር ጆሮውን ጀርባዬ ላይ የለጠፈ ያህል ረጅም ጊዜ አዳመጠኝና ጥያቄው ከሌሎቹ የተለየ ሆነ። «በልጅነትሽ ጉሮሮሽን ያምሽ ነበር? መገጣጠሚያሽንስ?» አዎ፣ ያመኝ ነበር። እናቴ እንጥሌን አስቆርጣኝ፣ ቅቤ አሽታኝ፣ ተሻላት ተብሎ ታለፈ። ዶክተሩ አንገቱን ነቀነቀ። ያልታከመ የጉሮሮ ቁስል ውሎ አድሮ የልብን በር ይበላል አለኝ። በልብ ክፍሎች መሀል ደም የሚያሳልፉና የሚዘጉ በሮች አሉ፤ ከእነሱ አንዷ ጠባሳ ሆና ደርቃለች፣ ደሙ ወደ ሳንባዬ እየተመለሰ ነው። ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ጉሮሮ የያዘውን ልጅ ለመርፌ እንጂ ለምላጭ አትስጡት። እናቴን አልወቅሳትም፤ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋልኛለች።

በሩ መቀየር ነበረበት፤ ለዚያ አዲስ አበባ ተጻፈልኝ። ወረፋው ረዘመ፤ እኔም እየመነመንኩ ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ ገብረመድህን የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ወደ ራሱ መሥሪያ ቤት አስገባኝ። አልጋነሽ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያን ረገጠች፤ የያዘችውን የጠበል ጠርሙስ ፈታሹ አይገባም አላት።

«ውሃ እኮ አይደለም፣ ጠበል ነው!»

«እማማ፣ ፈሳሽ ነው። ሕጉ አይፈቅድም።»

«በሊ፣ እዚሁ ጠጪልኝ» ብላ ጠርሙሱን አፌ ላይ ደቀነችው። የተረፈውን ለፈታሹ ሰጠችው፤ እሱም አማትቦ ጠጣ። አውሮፕላን ውስጥ ከፍርሃቴ መሀል ይህ ትዝ እያለኝ ብቻዬን ሣቅሁ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ምሽት ተሳልኩ። በሕይወት ወደ መቐለ ከመለስከኝ መጪውን ዐቢይ ጾም አንዲት ቀን ሳልሽር እጾማለሁ አልኩ። ከብዙ ሕመምተኞች መሀል ተኝቼ የምሰጠው ሌላ ነገር አልታየኝም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር የአልጋነሽ ነገረኛ አፍም ውስጤ ነበረ።

ስነቃ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይቆጥራል። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። የተገጠመልኝ በር ከብረት የተሠራ ስለሆነ በተዘጋ ቁጥር ይጮኻል። ዶክተሩ ሲያሰናብተኝ ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ። ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን ኪኒን ዕድሜ ልክ እወስዳለሁ፤ ደሜ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚፈጥን ደግሞ በየወሩ ይለካል። ሁለተኛው፣ «አመጋገብሽን ድንገት አትቀያይሪ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሱም ከኋላዬ ኮሪደሩ ሞልቶ ይጠብቀው ነበር።

መቐለ ስመለስ ልክ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ የሚቀጥርበት ወቅት ነበር፤ ግቢያችን ከገጠር በመጡ ልጃገረዶች ሞልቶ ጠበቀኝ። ማታ ማታ ዙሪያዬን ከበው ደረቴን ያዳምጣሉ። አልጋነሽ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችና «እዋይ! ሰዓት ዋጥሽ እንዴ?» አለች። ከዚያ ወዲህ በግቢው ባለፍኩ ቁጥር «ስንት ሰዓት ሆነ?» የማይለኝ የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም በጸጥታው ሰዓት ቲክታዬ ከፊት ወንበር ድረስ ይሰማል። የመዘምራኑ መሪ መነኩሲቷ ሲስተር አጋታ ልምምድ ላይ ጣቷን ወደ ደረቴ ቀስራ «ተሬዛ፣ ልብሽ ከበሮውን እየቀደመው ነው፤ ያዥው!» ትለኛለች። ደረጃውን እያንጎራጎርኩ ወጣሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ወራት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ጾም ሲመጣ ቀረብ ብዬ ስለቴን ለአባ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ሕመምተኛ አይጾምም። ስለቱን በጸሎት እለውጥልሻለሁ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ገብረመድህንም ተቆጣ፤ ለሱም እምቢ አልኩ። አልጋነሽ ብቻ ደስ አላት።

«ኣጆኺ ሓፍተይ፣ አይዞሽ! እኔ እያለሁ ጾም አይጎዳሽም። ሓምሊ አለ አይደል? ደም ይሆንሻል።»

ሓምሊ ጎመን ነው። ደም ጎደለው ለተባለ ሰው ሁሉ ጎመን ብላ ይባላል፤ አልጋነሽ ደግሞ የጎመን ነጋዴ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭነቱ ሁሉ ለጋውን እየመረጠች፣ ለሽያጭ ሳታወጣ፣ በነጭ ሽንኩርት ቀቅላ በድስት ታመጣልኝ ጀመር። ሥጋና ወተት ሳልበላ፣ ጎመን በጎመን ሆኜ ከረምኩ። ጎኔ ቁጭ ብላ ካልጨረስኩ አትነሳም። ለዚያ ወር የደም ምርመራ ሄጄ የመመርመሪያው ኬሚካል አልቋል ተባልኩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም አልመጣም ነበር። ደኅና ስለሆንኩ አልተጨነቅሁም።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው። ሲስተር አጋታ ለትንሣኤ ራሷ የደረሰችውን መዝሙር እያለማመደችን ነበር፤ ሴቶቹ ወደ መቃብሩ ሲሄዱ ድንጋዩን ማን ያንከባልልልናል ብለው የተጨነቁትን የሚናገር ነው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ጸናጽሉ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል እጄ የእኔ አልሆን አለኝ። «ጸናጽሌን» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ቃል አልነበረም። ሲስተር አጋታ ስትሮጥ አየኋት። ከአጥሩ ማዶ አልጋነሽ «መዝሙሩ ለምን ቆመ?» ስትል ሰማሁ።

ስትሮክ ነበር። ብረቱ ላይ የረጋ ደም ተቆርሶ በግራ በኩል አንጎሌ ውስጥ ተወትፏል። አልጋ ላይ ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ፣ ሁሉን እረዳለሁ፤ መናገር ብቻ የለም። ውሃ ስፈልግ ውሃን አውቀዋለሁ፣ ብርጭቆውን አየዋለሁ፣ ስሙ ግን የለም። ለማውጣት ስታገል «እ... እ... ነገ... ነገ» ይላል አፌ። ለምን «ነገ» እንደሆነ እንጃ። የነርሷ ፊት ላይ ያየሁትን ርኅራኄ ጠላሁት፤ ክፍል ውስጥ ቃል የጠፋውን ተማሪ እኔም እንደዚያ አይቼ አውቃለሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ ከአልጋዬ አጠገብ ገብረመድህንን ምን ስትበላ እንደከረመች ጠየቀው። ገብረመድህን የጾሙንና የጎመኑን ነገረው። ሐኪሙም አስረዳው፤ ጎመን ውስጥ ደም የሚያረጋ ነገር አለ፣ ኪኒኑን ያሸንፈዋል፤ የኪኒኑ መጠን የተወሰነው ጎመን በማትበላበት ጊዜ ነው፣ በየቀኑ ሲሆን ኪኒኑ እንዳልተወሰደ ሆነ። ልክ በዚያ ሰዓት አልጋነሽ በር ላይ ደረሰች። እጇ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ነበር።

ገብረመድህን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ያን ቀን ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው።

«ያን ድስት ከዚህ አጥፊው! በጎመንሽ ነው የገደልሻት! ሐኪሙን ጠይቂው!»

«እኔ? ወይለይ... እኔ?» ስትል ሰማኋት።

«አንቺ!»

ተነሥቼ ላስቆመው ነበር የፈለግሁት። አይደለም፣ እኔ ነኝ የተሳልኩት፣ እሷ ምን ታውቃለች፣ ልል ነበር። «ነገ... ነገ... ነገ» አልኩ። ያመመኝ መስሎት ነርስ ጠራ። አልጋነሽ ድስቷን ይዛ ስትሄድ የነጠላዋን ጫፍ በበሩ ክፍተት አየሁት። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ሆስፒታል ቆይቼ ቤት ስገባ በሯ ላይ ቁልፍ ነበር፤ የአትክልት ንግዱን ትታ ከመቐለ ወጣ ብላ፣ ኩሓ ወንድሟ ጋ ገብታለች አሉ። ስለ ሕመሜ ስጠየቅ ሁሉም እጄንና እግሬን ያያል። እኔን ሌት ተቀን የሚያቃጥለኝ ግን ያ ያላልኩት ቃል ነበር። ጓደኛዬ በነፍስ ገዳይነት ተከሳ ስትወጣ ምስክሯ እኔ፣ ምላስ የሌለኝ እኔ ሆንኩ። አልቅሼ የማላውቀውን ልቅሶ አለቀስኩ፤ እሱም ቃል አልነበረውም።

ዝማሬ ተመልሶ የመጣው ገና ሆስፒታል ሳለሁ፣ በትንሣኤ ዕለት ነው። ሲስተር አጋታ ከቅዳሴ በቀጥታ መጣች፤ ሻማና ዳቦ ይዛለች። ምን እንደምትለኝ ጠፍቷት እጄን ይዛ ያን የትንሣኤ መዝሙር በለሆሳስ ጀመረች። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሳ ትንፋሽ ስትወስድ ሁለተኛውን እኔ ቀጠልኩ። ከነቃሉ! ድንጋዩን፣ መቃብሩን፣ ማለዳውን፣ ሁሉንም። ሲስተር አጋታ ዝማሬዋን አቁማ አፏን ያዘች። ገብረመድህን ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ።

«ተናገረች! ተሬዛየ፣ በይ እስኪ ስሜን ጥሪው!»

ልጠራው ሞከርኩ። «ነገ» አልኩ።

ሐኪሙ ሲነገረው አልገረመውም። ንግግር በግራ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል ይፈልጋል፣ ዜማ ግን በቀኝ በኩልም ይሄዳል፤ ዋናው መንገድ ሲበላሽ ቃላት በዜማው ቅያስ የሚያልፉበት ጊዜ አለ አለን። ሁሉም ሰው ላይ አይሠራም፤ በኔ ላይ ሠራ። አባቴን አስታወስኩት፤ እራት ሳይቀርብ እየተራበ የሚያዜመውን።

ለቋንቋ ሕክምና የሚሆን ሰው አልተገኘልንም። ሲስተር አጋታ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ሰዓቷ ሳይቀር እየተሰረቀች ቤቴ ትመጣ ጀመር። ለሚያስፈልገኝ ነገር ሁሉ ከምናውቀው መዝሙር ዜማ ትመርጥለታለች፤ በግራ እጄ ጭኔን እየመታሁ አብሬያት እደግማለሁ። «ውሃ ስጡኝ» በመግቢያ መዝሙር፣ «ራሴን አሞኛል» በስቅለት ዜማ። «ሽንቴ መጣ» ለሚለው አንድ ግርማ ያለው ዜማ ተገኘለት፤ እሱን ባዜምኩ ቁጥር የፓርኩ ልጆች በራቸው ላይ ቆመው ያማትባሉ። አዲስ ተከራይ የሆነች ልጅ አንድ ቀን «ሴትዮዋ ባሕታዊት ናት እንዴ?» ብላ ጠየቀች አሉ። እኔም እስኪያመኝ ሣቅሁ። ከስትሮኩ ወዲህ የመጀመሪያው ሣቄ ነበር፤ ሣቄን ላካፍላት የሚገባኝ ጓደኛዬ ግን ኩሓ ናት።

አንድ ቀን ሲስተር አጋታ «ዛሬ ምን እንማር? ምን ማለት ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። በመስኮቱ በኩል የተቆለፈውን በር አሳየኋት። «በር ዝጊ? ቁልፍ? ትወጫለሽ?» እያለች ገመተች። ሁሉንም እምቢ አልኩ። እርሳስ ሰጠችኝ፤ በግራ እጄ አንድ እስር ጎመን ሳልኩ። ሲያዩት ጎመን መምሰሉን እንጃ፣ አጠገባችን የነበረው ገብረመድህን ግን አወቀው። ፊቱ ጠቆረ።

«አውቃለሁ ተሬዛየ። እሷ ናት፣ አውቃለሁ። አልረሳሁትም።»

እየከሰስኳት መሰለው! ወረቀቱን ቀደድኩት። ራሴን ነቀነቅሁ፣ ደረቴን መታሁ፣ የራሴን ደረት፣ ደጋግሜ፤ ቲክታው እስኪጮህ። ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያ እጄን ወደ ራሴ ሳብኩ፣ ሰው እንደሚጠራ። ሲስተር አጋታ ቀስ ብላ «ትምጣልኝ ነው?» አለች። በአዎንታ ራሴን ሳነቃንቅ እንባዬ መጣ። ገብረመድህን ተነሥቶ ወጣ፤ እስኪመሽ አልተመለሰም። ሲገባ ከጎኔ ተቀመጠና መሬት መሬት እያየ «እኔ አንቺን የማጣ መስሎኝ ነው» አለ።

ክረምቱን በሙሉ አንድ ነገር ብቻ ተለማመድን። ስም ለእኔ ከቃል ሁሉ ይከብዳል፤ የእሷ ስም በየቀኑ ይወጣልኝና በየቀኑ ይጠፋብኛል። ሲስተር አጋታ ከትንሣኤው መዝሙር ዜማ ላይ እንዲህ አስቀመጠችልኝ። «አልጋነሽ ሓፍተይ፣ ነይ ወደ ቤትሽ፤ ማዕዱ ያላንቺ አይጥመኝም።» ይኸው ነው። አማርኛ ላስተማረች ሴት አጭር ናት፤ ከዚያች በላይ የደከምኩበት ጽሑፍ ግን የለኝም።

መስከረም ላይ ገብረመድህን ባጃጅ ጠርቶ እኔንና ሲስተር አጋታን ኩሓ ወሰደን። እሱ ከባጃጁ አልወረደም። የወንድሟ ሚስት በር ከፈተችልን፤ አልጋነሽ ጓሮ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እኔን ስታይ ቢላውን ጣለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከስታለች፤ ያን ወፍራም ነገረኛ ድምፅ ይዛ የምትዞር ሴት አትመስልም። ምርኩዜን ይዤ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ፤ ስሟ የለም። ሲስተር አጋታ ዜማውን ልትጀምርልኝ ስትል እጄን አንሥቼ ከለከልኳት። የደረቴን ቲክታ ሰማሁና በእሱ ላይ ጀመርኩ።

ዘመርኩት። እስከ መጨረሻው። ድምፄ ተሰንጥቋል፤ ያ እግዚአብሔር የሰጠኝ ጉሮሮ ዛሬም አልተመለሰም። አልጋነሽ ከነጠላዋ ሥር ሆና ሰማችኝና «እንደገና» አለች። ደገምኩት።

«ወይለይ ሓፍተይ» አለች፤ «እኔ እኮ ሞተሻል የሚሉኝን ቀን ነበር የምጠብቀው። ለምን መጣሽ? እጄ መርዝ ነው።»

ለዚህ መልስ የሚሆን ዜማ አልተማርኩም ነበር። ያኔ ከኋላችን የእግር ኮቴ ሰማን። ገብረመድህን ከአጥሩ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ገባ። በአገሩ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ እሱ ግን የከተማ ሰው ነኝ ባይ፣ እንዲህ ባለው ወግ የሚያፌዝ ነበር። ከፊቷ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«አልጋነሽ፣ ስለ ማርያም። አፌ ነው ያጠፋው።»

አልጋነሽ ብዙ አላስቆመችውም። ድንጋዩን ከማጅራቱ አውርዳ ወደ አጥሩ አንከባለለችው። ሲስተር አጋታ ወደ እኔ ዞራ በዓይኗ ሣቀች።

ሁሉም ነገር ተመለሰ ብዬ ብጽፍ ግን ውሸት ይሆናል። ወደ ማስተማር አልተመለስኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመዘምራኑ ጀርባ ተቀምጬ በግራ እጄ ጸናጽል አንቀሳቅሳለሁ፤ የሚዜመውን አዜማለሁ፣ የሚነገረውን ዝም እላለሁ። ገብረመድህንና አልጋነሽ ሰላም ይባባላሉ እንጂ እንደ ድሮው አይቀላለዱም። አልጋነሽ ወደ ግቢያችን ተመልሳ አትክልቷን ጀመረች፤ ጎመን ግን አትሸጥም ነበር። ቤቴም ገብታ ምግብ አትነካም፤ ሽሮ እንኳ ስሠራ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ሐኪሙ ጎመን ክልክል አይደለም፣ ሁልጊዜ እኩል ይሁን እንጂ፣ በዚያው ልክ ኪኒኑን እናስተካክላለን ብሎኛል። ይህን ገብረመድህን ነገራት፣ ሲስተር አጋታ ነገረቻት፣ አባ ሳይቀሩ ነገሯት። «አይሆንም» አለች።

እናንተም ይህን አትርሱ። ኪኒን የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ጾም ሲገባም ሲፈታም ሐኪሙን አማክሩ፣ ምርመራ የለም ሲሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በሽተኛው ቢሞት የሚሞተው ብቻውን አይደለም፤ ያበላውም ሰው አለ።

ባለፈው ጾም አንድ ረቡዕ በሬ ተንኳኳ። አልጋነሽ በቡና ስኒ ጎመን ይዛ ቆማለች። አንዲት ስኒ ብቻ።

«በየሳምንቱ ረቡዕ፣ ይህችው። ሐኪሙ እኩል አላለም?» አለች። ዓይኔን አታየኝም።

ከጎኔ ተቀመጠች። እንጀራ ቆርሳ ጎመኑን ጠቀለለችና አፌ ድረስ አመጣችው፤ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ጎረስኩ። በነጭ ሽንኩርት ነው፣ እንደ ድሮው። ስውጥ ጉሮሮዬን እየተከተለች ታያለች። ስሟን ልጠራት ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም፤ በዜማ ልጀምር ስል «ዝም በይ» ብላ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አደረገች። ሻሿ አገጬን ይነካኛል። ግቢው ውስጥ የፓርኩ ልጆች ከሥራ ገብተው ይንጫጫሉ።

«ኣሎ፣ ይመታል» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ። «ኣሎ።»

ከዚያ ቀና ብላ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቀለለች።